የአካባቢ ጥበቃ ክበብ፦ እንጨት ቆጣቢ ምድጃን ማን ይገዛል? ለምን?

ክበባችን የችግኝ እንክብካቤውንና የግቢ ጽዳቱን እንደወትሮው አከናውኗል። የዓመቱ ዋና ሥራ ግን አንድ ጥያቄ ነበር፦ «ምርጥ» የተባለው ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራ እንጨት ቆጣቢ ምድጃ ገበያ ላይ እያለ በደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ ብዙ ቤት ለምን በሦስት ጉልቻ ይጋግራል?

«ደን ይጠብቃል» ማለት ብቻውን ገዢ አያመጣም። እናቶች ቀድመው የሚጠይቁት «ምጣዴ ይገጥምለታል ወይ?» ብለው ነው፤ ልክም ናቸው። ምድጃው 6 ክፍሎች አሉት፤ 4ቱ ተገጣጥመው ምጣዱን ይሸከማሉ፣ 2ቱ ከኋላ የጭስ መውጫና የድስት ማስቀመጫ ይሆናሉ። ምጣዱ ልክ ካልሆነ እሳቱ በዳር ያመልጣል፤ እንጀራው መሐሉ ሲያር ዳሩ ዐይን አያወጣም። ይህን ያየች ጎረቤት ደግማ ስለ ምድጃው አትጠይቅም። ስለዚህ ተማሪዎች ከግዢ በፊት የምጣዱን ስፋት በሲባጎ ይለካሉ። የምድጃውን ጠርዝም በጥፍር ይፍቃሉ፤ አሸዋ ካራገፈ ሲሚንቶው አንሷል፣ ወይም በጥላ ሥር ለ7 ቀን ያህል ውሃ መጠጣት ሲገባው ሳይጠጣ ደርቋል፤ ቶሎ ይሰነጠቃል።

ከስብከት ይልቅ የሚያሳምነው ሠርቶ ማሳያ ነው። አንዲት ጋጋሪ ከአንድ ቡሖ፣ በእኩል የደረቀ እንጨት፣ በምድጃውም በጉልቻውም ላይ ትጋግራለች። እንጨቱ በፊትም በኋላም ይመዘናል፤ የተረፈው ፍም ተለይቶ ይመዘናል። አንዱ እንጨት እርጥብ ከሆነ ንጽጽሩ ዋጋ የለውም። ምድጃው በአግባቡ ከተያዘ ከጉልቻ አንጻር እስከ ግማሽ እንጨት ይቆጥባል። አፉ በእንጨት ከተጎሰጎሰ ግን አየር ያጥረዋል፣ ይጨሳል። ኩበት የሚያነዱ ቤቶች አመዱን ቶሎ ቶሎ መዛቅ አለባቸው፤ ኩበት ከእንጨት ይልቅ አመድ ይበዛዋል።

ሌላው እንቅፋት የገንዘቡ ነገር ነው። ጭሱን የምትጠጣው እናት ናት፤ ገንዘቡ ግን ብዙ ጊዜ በአባወራው እጅ ነው። አባወራውን የሚገባው የማሳው ነገር ነው፦ ከእሳት የተረፈው ኩበት ፍግ ሆኖ ለገብሱ ይደርሳል። በእኔ እምነት ለመንዝና ለአንኮበር ደጋ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም። ጊዜውም መመረጥ አለበት፤ አዝመራ ሳይገባ ግዙ ማለት ከንቱ ድካም ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ክበቡ ምድጃ የገዙ ቤቶችን ዞሮ ያያል፤ የላላ መገጣጠሚያ በጭቃ ይመረጋል፣ ሥራ ያቆመው ለምን እንዳቆመ ይመዘገባል።