ስለ ቃል ፈተናው፣ ከጅማ

ይድረስ ለምወድሽና ለምናፍቅሽ ጓደኛዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ? እማማስ፣ ጉልበታቸው ተሻላቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ጅማ ዝናቧን ጀምራለች፤ ከሰዓት በኋላ ባጃጅ ማግኘት ጭንቅ ሆኗል።

ከተጠፋፋን ቆየን። ምክንያት አልደረድርም፤ አንቺም አትደርድሪልኝ። ሰሞኑን ወንድምሽን ሄርማታ ገበያ አገኘሁትና ወደ ሥራ ልትመለሺ እንደሆነ፣ እዚሁ ጅማ ለሚድዋይፍነት አመልክተሽ የጽሑፉን እንዳለፍሽ ነገረኝ። ደስታዬን ልነግርሽ አልችልም። ግን የቃል ፈተናው እንቅልፍ እንደነሳሽም አጫወተኝ። «የሥራ ጫናና ጭንቀትን እንዴት ትቋቋሚያለሽ ካሉኝ ምን እላለሁ?» ብለሽዋል አሉ። ይሉሻል፤ ሳይጠይቁሽ አይቀሩም። እኔም የክፍል ኃላፊ ከሆንኩ ወዲህ ፈታኝ ሆኜ ስለተቀመጥኩ ያየሁትን ልንገርሽ።

አብዛኛው ተፈታኝ «በጫና ውስጥ መሥራት እወዳለሁ» ይላል። አንዳንዱ ጭራሽ «እኔ አልጨነቅም» ይላል። እንዲህ የሚል ሲገጥመኝ እፈራለሁ። ደም የሚፈሳትን እናት አይቶ የማይደነግጥ ሰው ወይ አይቶ አያውቅም፣ ወይ ማየት ትቷል። ፈታኙ ማወቅ የሚፈልገው አንቺ ስትጨነቂ በሽተኛዋ ምን እንደምትሆን ነው። ማንን ትጠሪያለሽ? ምን ታስቀድሚያለሽ? ከአቅምሽ በላይ ሲሆን ትናገሪያለሽ ወይስ ትደብቂያለሽ?

ስለዚህ ጠባይሽን አትግለጪላቸው፤ የሠራሽውን ንገሪያቸው። ታሪክም አለሽ። ለቲቲፒ፣ ለተማሪዎቹ የቡድን የመስክ ሥልጠና፣ በወጣንበት ጤና ጣቢያ ያቺ እናት የወለደችበትን ሌሊት አስቢው። ተረኛው ባለሙያ ሌላ ምጥ ላይ ያለች ይዞ ነበር። ልጁ በሰላም ተወለደ፣ የእንግዴ ልጁም ወጣ፣ ደሙ ግን አልቆም አለ። ፊትሽ ሲለዋወጥ አይቻለሁ፤ ድምፅሽ ግን ያው ነበር። መጀመሪያ ተረኛውን ጮክ ብለሽ ጠራሽው። ማህፀኗን እያሸሽ ለእኔ «ካኑላ ክፈቺ»፣ ለፋርማሲው ልጅ ማህፀን የሚያኮማትረውን መድኃኒት «ኦክሲቶሲን አምጣ» አልሽ። በደፈናው «አንድ ሰው ያምጣልኝ» አላልሽም። ማሸቱን ለኤች ኦው፣ ለጤና መኮንን ተማሪው ልጅ አስረከብሽና ፊኛዋን በካቴተር ባዶ አደረግሽ። ከዚያ ቁራጭ ፕላስተር ቀደሽ ጋውንሽ ላይ ለጠፍሽ፤ መድኃኒቱ የተሰጠበትን ሰዓት፣ የደም ግፊቷን፣ የልብ ምቷን በእስክሪብቶ እዚያው ላይ መጻፍ ያዝሽ። በየመሃሉ ቀና እያልሽ በአፋን ኦሮሞ «ሂን ሶዳቲን»፣ አትፍሪ፣ ትያት ነበር። ደሙ ሲቆም ተረኛው ካርዷን የሞላው ያንን ፕላስተር እያነበበ ነው። እጅሽ መንቀጥቀጥ የጀመረው ከዚያ በኋላ፣ ውጭ ስንወጣ ነው።

ያንን ፕላስተር ለፈታኞቹ ንገሪያቸው። ድንጋጤ መጀመሪያ የሚወስደው የሰዓት ግምትን ነው፤ አምስት ደቂቃ ሃያ ይመስላል፣ ሃያው አምስት። ደም ከወሊድ በኋላ ከ500 ሚሊ ሊትር ሲያልፍ ደግሞ እያንዳንዷ ደቂቃ ዋጋ አላት። በማስታወስ ላይ ሳትተማመኚ የምትጽፊ፣ ሥራውን በሰው በሰው የምታከፋፍይ መሆንሽን ከሰሙ፣ «እረጋጋለሁ» ማለት ሳያስፈልግሽ ይገባቸዋል።

ስትመልሺ እንዲህ ብትይስ፦ «ተማሪ ሳለሁ ከወለደች በኋላ ደም የበዛባት እናት ገጥማኝ ነበር። ደንግጬ ነበር። ቶሎ እርዳታ ጠራሁ፣ ማን ምን እንደሚሠራ ለየብቻ ተናገርኩ፣ የተሰጠውን ሁሉ ከነሰዓቱ ጻፍኩ። ደሙ ቆመ፣ እናትየዋም ልጇን ይዛ ቤቷ ገባች። ከዚያ ወዲህ ዱቲ ስገባ የድንገተኛ መድኃኒቶቹ በቦታቸው መኖራቸውን ሳላይ ሌላ ሥራ አልጀምርም።» ይበቃል። ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ሁኔታውን በአጭሩ፣ ያደረግሽውን በሰፊው፣ ውጤቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር።

አንድ የምሰጋልሽ ነገር አለ። ራስን ማወደስ ነውር ነው ተብለን ስላደግን «ተባብረን ተወጣነው» ብለሽ ልታልፊው ትችያለሽ። ትሕትናሽን አውቃለሁ፣ እወደዋለሁም። እዚያ ወንበር ላይ ግን «እኛ» ስትዪ ያንቺ ድርሻ ይጠፋል። የሌሎቹን ሳትክጂ «እኔ ይሄን አደረግሁ» በዪ። ጥያቄው በአፋን ኦሮሞ ከመጣም በአፋን ኦሮሞ መልሺ፤ እዚህ ወሊድ ክፍል ከሚመጡት እናቶች ብዙዎቹ የሚያምጡት በዚያ ቋንቋ ነው፣ ፈታኞቹም ያውቁታል።

ታሪኩን ከሰሙ በኋላ ወደ ሙያው መግባታቸው ስለማይቀር ትንሽ አንብቢ። አንቺ ቤት ከዋልሽ ወዲህ የተለወጠ ነገር አለ። ደም መፍሰስን የሚቀንሰው ትራኔክሳሚክ አሲድ አሁን የመጀመሪያው ሕክምና አካል ነው፤ 1 ግራም በደም ሥር፣ ከወለደች በ3 ሰዓት ውስጥ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በታንዛኒያ ሆስፒታሎች የተሠራው ጥናት ደሙን በዓይን ከመገመት ይልቅ መስመር ባለው መለኪያ ፕላስቲክ መለካትንና ማሸቱን፣ ኦክሲቶሲኑን፣ ትራኔክሳሚኩን፣ በደም ሥር የሚሰጠውን ፈሳሽና ምርመራውን ተራ ሳይጠብቁ በአንድ ላይ መጀመርን ፈትሿል። ይህ አሠራር ከባዱን የደም መፍሰስና ተያያዥ ጉዳቱን በ60 በመቶ ቀንሶታል። እኔ ከምንም በላይ የሚያረጋጋኝ ቀጥሎ የሚሠራውን ማወቅ ነው፤ ይሄንንም ልትነግሪያቸው ትችያለሽ።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። «የቀድሞ ሥራሽን ለምን ለቀቅሽ?» ይሉሻል። ለምን እንደለቀቅሽ አውቃለሁ። ተተኪ ሳይመጣ ሌሊቱን ከቀኑ ያገናኘሽበት፣ ያቺ ልጅ እጅሽ ላይ ያረፈችበት፣ ከዚያም በማግስቱ ምንም እንዳልተፈጠረ ተረኛ ተብለሽ የተመደብሽበት ጊዜ ነበር። ማንም «እንዴት ነሽ» አላለሽም። መልቀቅሽ ትክክል ነበር፤ ያኔም ብዬሻለሁ፣ ዛሬም እላለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በጸደቀው የበሽታዎች ምደባው በርንአውትን፣ ይህን በሥራ ብዛት መዛልን፣ የሰውየው በሽታ አላለውም፤ ተገቢ መላ ካልተበጀለት የሥራ ቦታ ጫና የሚመጣ ነው ብሎ ነው ያስቀመጠው። አቅም ማለቅ፣ ከሥራው መሸሽ፣ የሠራሁት ምንም አይረባም ማለት። ሦስቱንም አንቺ ላይ አይቻቸዋለሁ።

ለፈታኞቹ ግን የዚያን ቦታ ስም ማንሳት፣ አለቆቹን መክሰስ አያስፈልግም። መዋሸትም አያስፈልግም። «የሥራው ብዛት ከእረፍቴ በላይ ሆኖ፣ ለእናቶቹ መስጠት የሚገባኝን ትኩረት መስጠት እንዳልቻልኩ ሳውቅ ለቀቅሁ። አሁን ምልክቱን ቀድሜ አውቀዋለሁ፣ ቀድሜም እናገራለሁ» በዪ። የልጅቷን ታሪክ ግን አትንኪው። ገና አልሻረልሽም፤ እንባሽ ከመጣ ደግሞ ቀሪውን ጥያቄ ይወስድብሻል። ለእኔ ትነግሪኛለሽ፣ እሰማሻለሁ።

«ከሥራ በኋላ ጭንቀትሽን በምን ትወጪዋለሽ?» ካሉ ሁሉም ሰው «ሙዚቃ እሰማለሁ» ነው የሚለው። አንቺ እውነቱን ተናገሪ። ዱቲ ስታስረክቢ ከተረካቢዋ ጋር ተቀምጠሽ የከበደውን ኬዝ እንደምታወሪ፣ በእግርሽ ወደ ቤት እንደምትሄጂ፣ ሳትተኚ ምንም እንደማትወስኚ። ጸሎትሽንም ብትጠቅሺ አያሳፍርም።

መጨረሻ ላይ «ጥያቄ አለሽ?» ሲሉ የለኝም እንዳትዪ። በአንድ ሌሊት ስንት ሚድዋይፍ እንደሚመደብ፣ ሲኒየር ሲጠራ በምን ያህል ጊዜ እንደሚደርስ፣ እናት ወይም ሕፃን ሲሞት ባለሙያዎቹ ተቀምጠው የሚነጋገሩበት ልማድ እንዳለ ጠይቂ። መልሱ ደስ ካላሰኘሽ ሥራውን አለመቀበልም መብትሽ ነው። ዳግመኛ እንደዚያ ተሰባብረሽ ላይሽ አልፈልግም።

የሙያ ፈቃድሽ ጊዜው አልፎበት ከሆነ ከአሁኑ አሳድሺው፤ ኦሪጅናሉንም ኮፒውንም ያዢ። ማደሪያ አትፈልጊ፣ ቤቴ ከፈረንጅ አራዳ ብዙ አይርቅም፣ አልጋሽም ተነጥፏል። አንድ ቀን ቀድመሽ ድረሺና ማታውን እኔ ፈታኝ ሆኜ ልጠይቅሽ። መኪናሽ የሚነሳበትን ሰዓት ደውለሽ ንገሪኝ፣ መናኸሪያ መጥቼ እቀበልሻለሁ። ስልኬ ያው የድሮው ነው።

እማማን ሳሚልኝ።

ናፋቂሽ፣
ከጅማ