የሠራተኛዋ ሲም ካርድ በማን ስም ነው?

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሞባይል በ1991 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ቀፎ መያዝ ብቻውን የባለጸጋ ምልክት ነበር። ዛሬ ዘበኛውም፣ የቤት ሠራተኛዋም፣ የጉሊት ቸርቻሪዋም ስልክ አላቸው። ይህን አይተው በሀብታምና በድሃ መካከል ያለው ርቀት ጠበበ የሚሉ ብዙ ናቸው። ርቀቱ ግን ቦታውን ቀየረ እንጂ አልጠበበም፤ አሁን ያለው ሲም ካርዱ በተመዘገበበት ስም ላይ ነው።

ከገጠር ለሥራ የምትመጣ ልጅ ብዙ ጊዜ መታወቂያ ስለሌላት ሲሙን አሠሪዋ፣ ደላላው ወይም አክስቷ በራሳቸው ስም ያወጡላታል። ስልኩ ለመደወያ ብቻ በነበረበት ጊዜ ይህ ብዙም አይጎዳም ነበር። ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ግን ቁጥሩ የገንዘብ ቦርሳ ሆኗል። ደመወዟ የሚገባው በሌላ ሰው ስም ነው ማለት ነው። ከቤቱ ተጣልታ ብትወጣ ባለስሙ መታወቂያውን ይዞ ምትክ ሲም ማውጣት ይችላል፤ ያኔ በእጇ ያለው ሲም ይዘጋል። ማንም ክፉ ሳያስብም ችግሩ ይደርሳል። ልጅቱ ወደ ቤይሩት ወይም ወደ ሪያድ ስትሄድ ሲሟን ለእናቷ ትታ ትሄዳለች፤ እናት የሚስጥር ቁጥሩን ደጋግመው ተሳስተው ሲቆለፍባቸው ባለስሟ ባሕር ማዶ ናት።

መፍትሔው በፋይዳ መታወቂያ ይጀምራል። ምዝገባው በነፃ ነው፤ የአሥር ጣት አሻራ፣ የሁለት ዓይንና የፊት ምስል ይወሰዳል። ሰነድ የሌላት በምስክር መመዝገብ ትችላለች። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት የአሠሪያቸውን ስልክ በማስመዝገብ ነው። ማረጋገጫ ኮዱ የሚላከው በተመዘገበው ቁጥር ስለሆነ፣ ከዚያ ቤት ስትወጣ መታወቂያዋን ለመጠቀም የቀድሞ አሠሪዋን ልትለምን ነው። በአዲስ አበባ ከ2017 ዓ.ም. ወዲህ አዲስ የባንክ ሒሳብ ለመክፈት ፋይዳ መጠየቁን ስናስብ ጉዳዩ ቀላል አይደለም።

ቀጥሎ ስም ማዛወር ነው። ሁለቱም መታወቂያ ይዘው አገልግሎት ማዕከል አብረው ቢቀርቡ ይበጃል፤ ይህም ሰላም ሳለ፣ ጉዞም ካለ ከጉዞው በፊት መሆን አለበት። ከዚያ የሚስጥር ቁጥሩ ወዲያው ይቀየር። ባለስሙ ካልተገኘ በራሷ ስም አዲስ ሲም አውጥታ፣ አሮጌው እየሠራ ሳለ ገንዘቡን ወደ አዲሱ ማስተላለፍ ይሻላል። ለዕቁብና ለዕድር ሰብሳቢዎች፣ ለባንኳና ለፋይዳ አዲሱን ቁጥር ማስታወቅ አይረሳ።

ስማርት ስልክ የሌላት *127# ደውላ በቴሌብር ያለ ኢንተርኔት መላክና መክፈል ትችላለች። ገጹ ግን ትንሽ ሲዘገዩበት ይዘጋል። የሚስጥር ቁጥሩ ከገባ በኋላ ከተዘጋ ቀሪ ሒሳብ ሳያዩ እንደገና መላክ ሁለት ጊዜ ሊያስከፍል ይችላል። ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ አሮጌ ባለ ቁልፍ ስልክ የሚይዘው መልእክት ውስን መሆኑ ነው። በማስታወቂያ ሲሞላ ደረሰኙም ኮዱም አይገባም፤ ሰዉ ግን «ኔትወርክ የለም» ብሎ ይቀመጣል። የክፍያ ደረሰኞቹን አስቀርቶ ሌላውን በየሳምንቱ ማጥፋት ይበቃል። ማንበብ የማትችል ሴት ደግሞ ባለ ስድስት አኃዙን የሚስጥር ቁጥር ለባለሱቁ ነግራ «ላክልኝ» ትላለች። በዚህ አንወቅሳትም፤ ቁጥሯን ራሷ እስክትነካ ድረስ ቁጭ ብሎ የሚያስለምዳት ሰው ግን ያስፈልጋታል። ከአሠሪዋ ልጆች የተሻለ አስተማሪ የለም።

አሠሪዎች ደመወዝ ከመላካቸው በፊት ቁጥሩ በማን ስም እንደሆነ ይጠይቁ። የቴሌኮም ድርጅቶችም የቤት ሠራተኞች ከቤት መውጣት የሚችሉት በአብዛኛው እሑድ ከሰዓት መሆኑን አስበው፣ ስም ማዛወርን በዚያ ሰዓት የሚያስተናግዱ ማዕከላትን ያብዙ።

ከአክብሮት ጋር
አዲስ አበባ