ጣሪያው ለተገነጠለው የልጆች እርምት ቤት የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ እንዲሁም በአዲስ አበባና በውጭ አገር የምትኖሩ የደብረ ብርሃን ተወላጆች፤

በክረምቱ የጣለው ዝናብና ነፋስ እድራችን ያሠራውን የልጆች እርምት ቤት ጣሪያ እንደገነጠለው ሰምታችኋል። ግድግዳው ቆሟል፤ ሆኖም የመማሪያ ክፍሉ ውኃ ገብቶበታል፣ የባና ሽመና ዕቃውም በአንድ አባላችን ግቢ ተከማችቷል። ለማደሻ የተጀመረው መዋጮ ከመስቀል ወዲህ ስለቆመ፣ ኮሚቴው ደጋግሞ መጠየቅ ቢያሳፍረውም እንደገና ለመጻፍ ተገድዷል።

ቤቱ የሚቀበለው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀላል ጥፋት ሠርተው የተያዙ፣ ከ9 እስከ 15 ዓመት ዕድሜ ያላቸውን ልጆች ነው። ስልክ የነጠቀ ወይም ከገበያ ዕቃ ያነሣ ልጅ በፖሊስ በኩል ወደ እኛ ሲላክ፣ ወላጆቹ፣ ተበዳዩና ሽማግሌዎች በተገኙበት የሠራውን በራሱ አንደበት ይናገራል፤ ቤተሰቡም የሚተካውን ይተካል። ከዚያ በኋላ ልጁ ከትምህርት መልስ እየመጣ ያጠናል፣ የእንጨት ሥራ ወይም ሽመና ይለማመዳል፤ ማኅበራዊ ሠራተኛዋም ቤቱ ድረስ እየሄደች ትከታተለዋለች። እንደታዘብነው ብዙ ጊዜ ከልጁ ይልቅ የሚያስቸግረው በዱላ እንጂ በቃል ልጅ ይታረማል ብሎ የማያምን አባት ነው።

“ለሌባ ልጅ ቤት መሥራት ምን ይሉታል” የሚሉ ወገኖች አሉ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች የአዋቂዎች ቅጣት እንዳይፈጸምባቸውና ከአዋቂ ጥፋተኞች ጋር እንዳይታሰሩ ይከለክላል። አንቀጽ 159 ደግሞ ፍርድ ቤቱ ልጁን ለዘመድ፣ ለታማኝ ሰው ወይም ልጆችን ለሚያስተምርና ለሚጠብቅ ድርጅት በአደራ እንዲሰጥ፣ ተቀባዩም በጽሑፍ ኃላፊነት እንዲወስድ ይደነግጋል። ነገር ግን አደራ የሚቀበል በአካባቢው ከጠፋ አንቀጹ ብቻውን ልጁን ከጣቢያ አያወጣውም።

ገንዘቡ የት ገባ ለምትሉን፣ ካለፈው መዋጮ አብዛኛው የዋለው ለድንጋይ መሠረቱ፣ ለግድግዳውና ለሴቶችና ለወንዶች ለየብቻ ለተሠራው መጸዳጃ ቤት ነው። የማኅበራዊ ሠራተኛዋ ደመወዝ በዛ ተብሎ በጉባኤ ተነሥቷል፤ ያለ እርሷ ግን ቤቱ ከመጋዘን አይሻልም። የኮሚቴው አባላት አበል ወስደን አናውቅም፤ ደረሰኞቹን ማየት የሚፈልግ አባል ሁሉ ማየት ይችላል።

አሁን የሚያስፈልገው 72 ቆርቆሮ ነው። የባሕር ዛፍ እንጨቱን አባላት ከየይዞታቸው ሊሰጡ፣ አናጺዎችም ያለ ክፍያ ሊሠሩ ቃል ገብተዋል። የኅዳር ውርጭ ሳይጠናብን ብንጨርስ ልጆቹ ይመለሳሉ። የታሰረን መጠየቅ በወንጌል የታዘዘ ነው፤ ሙስሊም ወንድሞቻችንና እኅቶቻችንም የሰደቃን ዋጋ ከእኛ በላይ ያውቃሉ። እኛ የምንለምናችሁ ልጁን ሳይታሰር እንድትጠይቁት ነው።

ገንዘቡ የሚገባው በእድሩ ስም በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በተከፈተው ሂሳብ ብቻ ነው፤ ቁጥሩ በእድሩ ጽሕፈት ቤት ሰሌዳና በመክፈያ ደብተራችሁ ሽፋን ላይ ይገኛል። ስታስገቡ “ለልጆች ቤት ጣሪያ” ብላችሁ ጻፉ። ደግመን እናሳስባለን፦ በግለሰብ ስም ወደተከፈተ ሂሳብ እንዳታስገቡ፣ ከመላካችሁም በፊት ቁጥሩን ከደብተራችሁ ጋር አመሳክሩ። ቆርቆሮ በዓይነት የምታመጡ ዘወትር እሑድ ከረፋዱ 4 ሰዓት ጀምሮ በጽሕፈት ቤቱ አስረክባችሁ ደረሰኝ መቀበል ትችላላችሁ።

የእድሩ የልጆች እርምት ቤት ኮሚቴ፣ ደብረ ብርሃን