የሞተር ብስክሌት ጥገና ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ካርቡሬተርና የአየር ጠባይ

ክበቡ ዘንድሮ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል በአንድ ዕቃ ላይ ሠርቷል፤ ለጭቃና ለኮረኮንች በተሠራ ባለሁለት ምት ሞተር ካርቡሬተር (አየርና ቤንዚን ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚሰጠው ክፍል) ላይ። የተነሣንበት ጥያቄ ይህ ነበር፦ ማለዳ በብርዱ ጥሩ የሚጎትት ሞተር ቀትር ላይ ለምን ይታፈናል?

መልሱ አየሩ ውስጥ ነው። ሙቀት ከ0 ወደ 30 ዲግሪ ሲወጣ አየር 10 በመቶ ያህል ይሳሳል። ከባሕር ወለል 1,000 ሜትር ከፍ ማለትም የዚያኑ ያህል ያሳሳዋል። እርጥበትም በዚያው አቅጣጫ ይሠራል፤ የውኃ ትነት ከደረቅ አየር ይቀላልና። አባላቱን ግራ ያጋባው ቀጥሎ ያለው ነው። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑን ከጄቱ (ቤንዚን በልክ ከሚያሳልፈው ባለቀዳዳ ብሎን) የሚስበው ኃይልም ስለሚደክም ቤንዚኑ አብሮ ይቀንሳል፤ የሚቀንሰው ግን በግማሽ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ አየሩ 10 በመቶ ሲሳሳ ድብልቁ 5 በመቶ ገደማ ቤንዚን ይበዛበታል። በብርድ ነገሩ ይገለበጣል፣ ቤንዚን ይጎድላል። ጄት በመቀየር የሚስተካከለው ይህ ልዩነት ነው። በሙቀትና በከፍታ የጠፋው ጉልበት ግን በምንም ጄት ሙሉ በሙሉ አይመለስም፤ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው አየር ራሱ አንሷልና።

በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት አንድም ጄት አልተቀየረም። ይህ አንዳንዶቹን ቢያሰለችም ተገቢ ነበር፤ በአየር ጠባይ የሚሳበበው ብልሽት አብዛኛው ከቆሸሸ ፊልትሮ፣ ከቆየ ቤንዚን፣ ካለቀ ካንዴላ (እሳት ሰጪ) ወይም ከተሰነጠቀ የአየር ማስገቢያ ላስቲክ የሚመጣ ነው። በካርቡሬተሩ ሥር ባለው የቤንዚን ሳህን ውስጥ የቤንዚኑን መጠን የሚጠብቀው ተንሳፋፊ ከፍታም ይለካል። በሳህኑ ውስጥ ያለው ቤንዚን ከልክ በላይ ከፍ ካለ ሁሉም ጄቶች ከሚገባቸው በላይ ይሰጣሉ። ጋዝ ተለቆ የሞተሩ ዙር ቶሎ ካልወረደ ወይ በሚኒሞ (ሞተሩ ያለ ጋዝ በዝቅተኛ ዙር በሚሠራበት) በኩል ቤንዚን ጎድሏል ወይ አየር በስንጥቅ እየገባ ነው፤ ስንጥቁ ሳይደፈን ጄት መቀየር ድካም ብቻ ነው።

ቀጥሎ የጋዝ እጀታው ላይ ፕላስተር ተለጥፎ በአራት ተከፈለ። እስከ ሩብ ድረስ የሚገዛው የሚኒሞ ጄትና የአየር ብሎን ነው፤ ከሩብ እስከ ሦስት አራተኛ መርፌው (ጋዝ ሲሰጥ ወደ ላይ እየወጣ ለቤንዚኑ መንገድ የሚከፍተው)፤ ከዚያ በላይ ዋናው ጄት። እርስ በርስ ይነካካሉ እንጂ በቁርጥ የተለያዩ አይደሉም። ሆኖም ሞተሩ የሚታፈነው እጀታው የት ሲደርስ እንደሆነ ያወቀ የትኛውን እንደሚፈታ ያውቃል።

የአየር ብሎኑን አሠራር አባላቱ በደንብ ተለማምደውታል። ሞተሩ በቅድሚያ በደንብ ይሞቃል። ብሎኑ እስኪነካ ድረስ በቀስታ ይጠብቃል (ከተገፋ ጫፉ ይበላሻል)፣ ከዚያ አንድ ዙር ተኩል ይከፈታል። ሚኒሞው ትንሽ ከፍ ተደርጎ ብሎኑ በሩብ ሩብ ዙር ወዲያና ወዲህ ይሞከራል፤ ዙሩ ከሁሉ ከፍ የሚልበት ቦታ ትክክለኛው ነው። ከእያንዳንዱ ንክኪ በኋላ ሞተሩ እስኪረጋ ጥቂት መጠበቅ ያስፈልጋል፤ የቸኮለ ይሳሳታል። ትክክለኛው ቦታ ከአንድ ዙር በታች ከሆነ የሚኒሞ ጄቱ አንሷል፣ ከሁለት ዙር ተኩል ካለፈ ደግሞ በዝቷል። በብዙዎቹ ባለአራት ምት ሞተሮች ግን ብሎኑ የሚቆጣጠረው ቤንዚን ስለሆነ ሁሉም ይገለበጣል። መለያው ቦታው ነው፦ ከፊልትሮ በኩል ያለው የአየር፣ ከሞተር በኩል ያለው የቤንዚን ነው።

መርፌውን በቦታው የሚይዘው ክሊፕ አንድ እርከን ወደ ላይ ሲወጣ መርፌው ይወርዳል፣ ቤንዚንም ይቀንሳል። ይህን ያልተሳሳተ አባል የለም ማለት ይቻላል።

ዋናውን ጄት ለመምረጥ ሁልጊዜ ከትልቁ ተነሥቶ አንድ አንድ ቁጥር መውረድ ነው። ባለሁለት ምት ሞተር ዘይቱን የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ስለሆነ ቤንዚን ሲጎድልበት ሙቀቱ ይጨምራል፣ ቅባቱም ያንሳል፤ ፒስተኑ የሚነክሰው (ከሲሊንደሩ ጋር የሚጣበቀው) ያኔ ነው። ቤንዚን ሲበዛበት ግን ያጨሳል፣ ያንተፋትፋል፣ ካንዴላውን ያጠቁራል፤ ወዲያው የሚጎዳው ነገር የለም። ለማረጋገጥ አዲስ ካንዴላ ይገባል፣ በተዘጋ ሜዳ በከፍተኛ ማርሽ ጋዙ ሙሉ ተከፍቶ ይነዳል፣ ከዚያ ፍሪሲዮን ተይዞ ሞተሩ ባንድ ጊዜ ይጠፋል። በካንዴላው ነጭ ሸክላ ሥር ያለው ቀለበት ቡናማ ከሆነ ደህና ነው፤ ነጭ ከሆነ ወዲያው ጄቱን ማሳደግ ያስፈልጋል። ይህን ሙከራ የነዱት መምህራን ብቻ ናቸው።

ጄት የሚቀየረው ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ የቤንዚን መክፈቻው ተዘግቶ፣ እሳት ማጥፊያ አጠገብ ተቀምጦ፣ ደጅ ነው።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት አባላቱ በመዝገብ ደብተር ላይ ሙቀት፣ ከፍታ፣ የጄት ቁጥር፣ የክሊፕ እርከንና የብሎን ዙር እየጻፉ ሠሩ። ሕጉ አንድ ነበር፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጣል። ከደብተሩ የወጣው ልማድ ቀላል ነው። ለጥቂት ዲግሪ ለውጥ የአየር ብሎኑ ይበቃል፤ ሲበርድ ሩብ ዙር ማጥበቅ፣ ሲሞቅ ሩብ ዙር መክፈት። ዋናው ጄት የሚነካው ሙቀቱ በ15 ወይም በ20 ዲግሪ ሲለወጥ፣ ወይም ከፍታው በብዙ መቶ ሜትር ሲለያይ ነው። በየጠዋቱ ጄት መቀያየር፣ በእኔ እይታ፣ ሞተሩን ካለማወቅ የሚመጣ ነው።

ዝናብ ሌላ ችግር አለው። ከካርቡሬተሩ የሚወርዱት የመተንፈሻ ቱቦዎች ጫፋቸው ውኃ ውስጥ ከገባ ወይም በጭቃ ከተደፈነ ሳህኑ አየር አጥቶ ቤንዚኑ በትክክል አይወርድም፤ ሞተሩ ጄት ያነሰው ይመስላል። ቱቦዎቹን ጠርጎ አንዱን ወደ ላይ ማውጣት ይበቃል።

ለዕረፍት ከመለያየታችን በፊት የቤንዚን መክፈቻዎቹ ተዘግተው ሳህኖቹ ሁሉ ተራግፈዋል። ቤንዚን ሲቆይ እየተነነ ሙጫ የሚመስል ዝቃጭ ይተዋል፤ ቁጥር 45 የሆነ የሚኒሞ ጄት ቀዳዳ ደግሞ ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። የሚቀጥለው ዓመት አባላት ሞተሩ ያለ ጋዝ አልቆም ካላቸው መጀመሪያ እዚያ ይዩ፤ በሽቦ ሳይሆን በማጽጃና በአየር ግፊት ያጽዱት፣ ሽቦ ቀዳዳውን ያሰፋዋል።