የቆፈረው ሳይጠየቅ የወደቀው ለምን ተቀጣ? ለመንገድ ኃላፊው ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለክቡር ኃላፊው፣

ስምዎንም ሆነ የመሥሪያ ቤትዎን ስም እዚህ አልጠራም። ደብዳቤው ሲደርስዎ ለእርስዎ የተጻፈ መሆኑን ያውቁታል። መንገዱ ላይ ተቆፍሮ የቀረው ቦይ እንዲደፈን ከዚህ በፊት ያስገባነው ማመልከቻ መዝገብ ቤታችሁ ገብቶ ማኅተም ተመቶበታል፤ ኮፒው እጄ ላይ ነው። በአካልም መጥተናል። «ተቋራጩን ጠይቁ» ተባልን። ተቋራጩን ስንጠይቅ ደግሞ «እኛ ቧንቧውን ቀብረን ጨርሰናል፣ አስፋልት መመለስ የኛ ሥራ አይደለም» አለን። እናንተ ወደ እሱ፣ እሱ ወደ እናንተ ሲልከን ወንድሜ ወደቀ። ስለዚህ አሁን በአደባባይ እጽፍልዎታለሁ።

ታናሽ ወንድሜ ሞተረኛ ነው። እዚሁ አዲስ አበባ ዴሊቨሪ ይሠራል። መንጃ ፈቃድ አለው፣ የሥራ ፈቃድ አለው፣ ቦሎው የታደሰ ነው። ሄልሜት ሳያደርግ ከግቢ አይወጣም። ሄልሜቱንም ቢሆን ገበያ ላይ ከሚቸረቸሩት ስስ ፕላስቲኮች ሳይሆን ውስጡ ወፍራም ፎም ያለውን መርጦ ነው የገዛው። ከሥራ ሲመለስ፣ መሽቶ፣ ዝናብ እየጣለ፣ ለውሃ ቧንቧ ተብሎ መንገዱን አቋርጦ የተቆፈረው ቦይ ውስጥ የፊት ጎማው ገባ።

ቦዩን ላስረዳዎ። አስፋልቱ ከዳር እስከ ዳር ተቆርጧል። ቧንቧው ከተቀበረ በኋላ አፈርና ጠጠር ተደፋበት፤ በወጉ ግን አልተጠቀጠቀም። ዝናብ ሲመላለስበት አፈሩ ሰጠመና ስንዝር ተኩል ያህል ጎደጎደ። የተቆረጠው የአስፋልት ጠርዝ እንደ ቢላ ስለታም ሆኖ ቀርቷል። ሲዘንብ ውሃ ይሞላውና ከመንገዱ ጋር እኩል ይሆናል፤ በቀን እንኳ ላየው ሰው ተራ የታቆረ ውሃ ነው። የመንገድ መብራቱ አይበራም። ምልክት የለም፣ አንጸባራቂ የለም፣ ሪቫን እንኳ አልተወጠረም። የሰፈሩ ሰዎች ጨንቋቸው አሮጌ ጎማ አቁመው የዛፍ ቅርንጫፍ ሰክተውበት ነበር። ሲኖትራክ ደፍጥጦት ሄደ።

በመኪና እዚያ ላይ ያለፈ ሰው «ጓ!» የሚል ድምፅ ይሰማል፣ ይሳደባል፣ ይሄዳል። ሞተር ላይ ነገሩ ሌላ ነው። ሁለት ጎማ ብቻ ነው ያለው። የፊቱ ጎማ ጠርዙን ሲመታ ሞተሩ ይቆማል፣ የነጂው አካል ግን በነበረበት ፍጥነት ወደፊት ይሄዳል። ፍሬን ልያዝ ቢል ደግሞ ከቦዩ የወጣው ጠጠር አስፋልቱ ላይ ተበትኗል፤ ጠጠር ላይ የፊት ፍሬን የያዘ ሞተረኛ መሪው ከእጁ ይወጣል። ወንድሜ ይሄን ሁሉ ያውቃል። ጠጠር ከመድረስህ በፊት ፍጥነት ቀንስ፣ መሪውን ቀጥ አድርግ፣ እዚያ ላይ አትጠምዝዝ፣ ውሃ የታቆረበትን በጎን እለፍ፤ ለጀማሪዎች ሁሌ የሚነግራቸው ይሄንኑ ነው። ግን ከዳር እስከ ዳር የተቆረጠ መንገድ በየትኛው ጎኑ ይታለፋል? በጨለማ ያላየውንስ ጠርዝ እንዴት ይጠንቀቀው?

የግራ እጁ ከክርኑ በላይ ተሰብሯል። ሄልሜቱ በቀኝ በኩል ከጆሮው በላይ ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ ውስጥ የገባው ጠጠር እስካሁን አልወጣም። ሄልሜት የሞት አደጋን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ ጥናቶች አሳይተዋል፤ እኛ ቤት ደግሞ ማስረጃው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ወንድሜ በሕይወት ያለው የራሱን ድርሻ ስለተወጣ ነው። የእናንተ ድርሻ የት ነበር?

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። ሆስፒታል ገና ስሙ ሳይመዘገብ የቅጣት ወረቀት ተጻፈበት። ጥፋቱ «ጥንቃቄ በጎደለው ሁኔታ ማሽከርከር» ይላል። ሞተሩም ተይዟል። ወረቀቱን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ ቦዩ አንድ ቃል የለበትም። ስለ መብራቱ የለም፣ ስለ ምልክቱ የለም። ያንን ወረቀት ብቻ ያነበበ ሰው ወንድሜ ደህና መንገድ ላይ በራሱ ጥፋት የተፈጠፈጠ ነው የሚመስለው።

ቆፍሮ የሄደው ግን አልተጠየቀም። አስቆፍሮ ያልተከታተለውም አልተጠየቀም።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በ1952 ዓ.ም. የወጣ ነው። አንቀጽ 2028 በጥፋቱ በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ እንዲክስ ያዛል። እርስዎ ይሄን ከኔ በላይ ያውቁታል፤ ከኋላዎ የሕግ ክፍል አለ። ሞተረኛው ግን ማን አለው? የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱ ስሙ እንደሚለው ለሦስተኛ ወገን ነው፤ ለራሱ ለነጂው ስብራት አይደርስም። እጁ እስኪድን ሥራ የለም፣ ገቢ የለም፣ የቤት ኪራይ ግን አይቆምም።

በ2011 ዓ.ም. ሰኔ 30 ከተማዋ ሞተር ሳይክል ስታግድ የተነገረው ምክንያት ወንጀል ነበር። ቀማኞች በሞተር ይዘርፉ እንደነበር እኔም አልክድም። ከዚያ በኋላ ግን ሞተረኛ ሁሉ በጥርጣሬ ዓይን ይታያል። ትጠይቁታላችሁ፣ ታስቆሙታላችሁ፣ ትመዘግቡታላችሁ። ይሁን፣ መዝግቡ። ግን የመዘገባችሁትና እንዲሠራ የፈቀዳችሁለት ሰው የሚሄድበት መንገድ የማን ኃላፊነት ነው? በዓለም ላይ በመንገድ አደጋ ከሚሞቱት ሰዎች 21 በመቶ ያህሉ የባለ ሁለትና ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ ተጠቃሚዎች እንደሆኑ የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት ጽፏል። ለእነዚህ ሰዎች ያልተደፈነ ቦይ ሞት ነው።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ቦዩ ዛሬውኑ በወጉ ተጠቅጥቆ ይደፈን። እስኪደፈን ድረስ ደግሞ በሁለቱም በኩል ከሩቅ የሚታይ አንጸባራቂ ምልክት ይቁም። ከዚህ በኋላ መንገድ እንዲቆርጥ ፈቃድ የምትሰጡት ማንም ቢሆን አስፋልቱን መልሶ እስኪያስረክብ ድረስ ገንዘብ ያስይዝ፤ ማን እንደቆፈረውና እስከ መቼ እንደሚዘጋው የሚገልጽ ሰሌዳም እዚያው ይትከል። ጉዳት ሲደርስ ማንን እንደምንጠይቅ እንወቅ።

ቅጣቱን ለማስነሳት አቤቱታ እያዘጋጀን ነው። ከዚያ ጋር የሚያያዝ፣ ቦዩን ማን እንዳስቆፈረ፣ መቼ እንደተቆፈረና መቼ መደፈን እንደነበረበት የሚገልጽ ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤትዎ እንፈልጋለን። መረጃው ፋይላችሁ ውስጥ አለ። ሰኞ ጠዋት ልወስደው ቢሮዎ እመጣለሁ።