ስለ አውራ ጣትዎ ቀዶ ሕክምና

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

እንደምን ሰንብተዋል? በስልክ ስናወራ «በዚህ ዕድሜዬ ለአንድ ጣት ብዬ አልቀደድም» ብለው ነገሩን ስለዘጉት፣ ረጋ ብለው እንዲያነቡልኝ ይህን ጻፍኩ። የበር ቁልፍ ሲያዞሩ አውራ ጣትዎ ወደ ውጭ እየሸሸ ሲከዳዎት፣ የሸሚዝዎንም ቁልፍ በሌሎቹ ጣቶች ይዘው ሲታገሉ ስላየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም።

የተበጠሰው በአውራ ጣት ሥር ባለው መገጣጠሚያ ላይ፣ ወደ አመልካች ጣት በኩል፣ አጥንትን ከአጥንት የሚያስረው ጅማት ነው። ሰው በመዳፉ ሲወድቅ አውራ ጣቱ ወደ ውጭ ከተፈነገለ ይህ ጅማት ከሥሩ ይነቀላል። አንዳንዴም ጫፉ ከቦታው ወጥቶ ከአጠገቡ ባለው የጡንቻ ሽፋን ላይ ይቀራል፤ ሽፋኑ መሐል ስለሚገባም ጅማቱና አጥንቱ በጀሶም ቢታሰሩ ተገናኝተው አይድኑም። ይህን ስዊድናዊው ሐኪም በርቲል ስቴነር በ1962 እ.ኤ.አ. ጽፈውታል፤ ዛሬም የጉዳቱ ስም በእርሳቸው ይጠራል።

ጉዳቱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሲደረስበት ጅማቱን መልሶ ከአጥንቱ ጋር መስፋት ይበቃል። ወራት ካለፉ ግን ጫፉ ስለሚኮማተርና ጠባሳ ስለሚሆን፣ በምትኩ ሌላ ጅማት ይተከላል። ብዙ ጊዜ የሚወሰደው ከክንድ ውስጠኛ ገጽ ላይ ያለ ቀጭን ጅማት ነው። አውራ ጣትንና ትንሿን ጣት አገናኝተው አንጓዎን ትንሽ ቢያጥፉ ከቆዳው ሥር እንደ ክር ተወጥሮ ይታይዎታል፤ ጭራሹን ሳይኖራቸው የሚወለዱ ሰዎች አሉ፣ እጃቸውም ከሌላው ሰው አያንስም። ስለዚህ «ከደህናው ቆርጠው» ያሉት ስጋት እንዲከብድዎት አልፈልግም። ሐኪሙ በሁለቱ አጥንቶች ላይ ትንንሽ ቀዳዳ አበጅቶ ጅማቱን በእነዚያ ያሳልፍና በቀድሞው አቅጣጫ ወጥሮ ያስረዋል። ይህም ብዙ ጊዜ ክንድን ብቻ በማደንዘዝ ሊሠራ ይችላል።

እኔን የሚያስፈራኝ መቆየቱ ነው። የላላ መገጣጠሚያ በየጊዜው ሲንሸራተት አጥንቱን የሚሸፍነው ልስልስ ክፍል ያልቃል፤ ያ ካለቀ በኋላ ጅማት መትከሉ ሕመሙን ስለማያስቀር፣ ሐኪሞች ሁለቱን አጥንቶች አንድ አድርገው መገጣጠሚያው ጨርሶ እንዳይታጠፍ ማድረግን ይመርጣሉ። ስለዚህ እባክዎን ሐኪሙን መጀመሪያ የሚጠይቁት ራጁ ላይ መገጣጠሚያው ምን ያህል እንደተጎዳ ይሁን። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም ሳይጠይቁዎት ይንገሯቸው።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለው ጊዜ ትዕግሥት ይጠይቃል። ከ4 እስከ 6 ሳምንት በጀሶ ይቆያል፤ ከዚያ ፊዚዮቴራፒ ይቀጥላል፤ አጥብቆ መቆንጠጥና ክዳን መክፈት ግን እስከ 3 ወር ገደማ ይከለከላል። ጣቱ እንደ ድሮው ሙሉ በሙሉ ላይታጠፍ፣ የቆዳ ነርቭ በዚያ ስለሚያልፍም ጀርባው ለጊዜው ሊደነዝዝ እንደሚችል ልደብቅዎ አልሻም። በምትኩ የሚያገኙት ሲቆነጥጡ የማይከዳ፣ ጽኑ አውራ ጣት ነው።

ጀሶው እስኪፈታ ድረስ መጥቼ አብሬዎት እሆናለሁ፤ ማልበሱንም ማጠቡንም ለእኔ ይተዉልኝ። ቀኑን ለመቁረጥ የእርስዎን ፈቃድ ብቻ እጠብቃለሁ።

አክባሪ ልጅዎ