እትዬን እንዴት እንደቀበርናት

ውድ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ባለፈው በስልክ «እህቴን ለምን ለአገሯ አፈር አላበቃችኋትም?» ስትዪኝ መልስ አጥቼ ዝም አልኩ። ስንደዋወል ሁለታችንም እያለቀስን ስለማንግባባ በጽሑፍ ልንገርሽ።

ገንዘብ አላነሰንም። እድርተኛው ለማዋጣት ተነሥቶ ነበር፤ ወረቀቱ ካለቀ አስከሬን በኢትዮጵያ አየር መንገድ መላክም ይቻላል። ነገር ግን ልጆቿ ያሉት እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እሷም ሆስፒታል ሳለች እጄን ይዛ «ልጆቼ በሚመላለሱበት አኑሩኝ» ብላኛለች። ልብሽ እንዳይሰበር ብዬ ይህን ደበቅሁሽ፤ ይቅር በዪኝ።

ሰኞ ዐርፋ የተቀበረችው ቅዳሜ ነው። አምስት ቀን ሙሉ! አዲስ አበባ ቢሆን በማግስቱ አፈር ትለብስ ነበር። እዚህ የአስከሬን አገናዦቹ ቀጠሮ አለ፣ የሞት ምስክር ወረቀት አለ፣ የመቃብር ቦታ ግዢ አለ፤ ሰዉም ከሥራ የሚያርፈው ቅዳሜ ነው። ሣልስቷ የዋለው ገና ሳትቀበር ነው። እማዬ፣ እኔን ከሁሉ ያንገበገበኝ እሱ ነው።

ሰው ግን አልጎደለባትም። ከሥራ የወጣው ሁሉ በየማታው ውሃ በካርቶን፣ ምስር ወጥ በድስት ይዞ ይመጣል። ቤቱ ሲሞላ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ያመሹ ነበሩ። ጎረቤት እንዳይረበሽ ለቅሷችንን በነጠላ አፍነን ሰነበትን። ከመቃብሩ ስንደርስ ግን አንዲት የጎንደር እናት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየደቁ ሙሾ አወረዱላት። ያን ጊዜ ያፈንነው ሁሉ ወጣ። አንቺን እየጠራሁ አለቀስኩ።

ካህናቱ ፍትሐቱን ሲጨርሱ ሠራተኞቹ ሣጥኑን በማሽን አወረዱት። አፈሩንም በማሽን ሊመልሱ ሲሉ የበኩር ልጇ አካፋ ለምኖ ተቀበላቸው። ወንዶቹ እየተቀባበሉ፣ ሴቶቹ በእጃቸው እየዘገኑ፣ አፈሯን እኛው አለበስናት። ባዕድ እጅ አልቀበራትም።

አርባዋን እዚህ እናወጣለን። አንቺም በዚያው ቀን በደብርሽ ጸሎተ ፍትሐት አስደርጊላት፤ ለካህናቱ የሚሆን ብር ልኬያለሁ። የቀብሩን ቪዲዮ ልጆቿ ይልኩልሻል፤ ብቻሽን ሆነሽ እንዳትከፍቺው። ለፋሲካ ስመጣ አጠገብሽ ተቀምጬ አብረን እናየዋለን።

ልጅሽ